የቢ760 ማዘርቦርድ ፍተሻ፦ ከአገጣጠም እስከ ግድግዳው ሶኬት

አንድን ሬንደር (ምስልን አስልቶ የማውጣት ከባድ ሥራ) በአንድ ኮምፒውተር ላይ በሁለት የተለያዩ ምሽቶች ሠራሁት። በመጀመሪያው ምሽት ሥራው ከግድግዳው ሶኬት 41 ዋት-ሰዓት በላ፤ በሁለተኛው 34 ብቻ። በመካከሉ የተጨመረም ሆነ የተቀነሰ ዕቃ የለም። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ፓወር ሰፕላዩና ማራገቢያው እንደነበሩ ናቸው፤ ሥራው የዘገየውም በ10 ሰከንድ ነው። የተለወጡት በማዘርቦርዱ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቀድሞ በሚሠራውና የክፍሎቹን ቅንብር በሚይዘው ፕሮግራም) ውስጥ ያሉ ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። ስለ ማዘርቦርድ የሚጻፉ አብዛኞቹ ግምገማዎች ማስገቢያዎችን ቆጥረው፣ መብራቱን አድንቀው ያበቃሉ፤ እኔ ግን ይህን ቦርድ ለሦስት ሳምንታት ስጠቀምበት ዋናው ነገር ፋብሪካው በባዮሱ ውስጥ ሞልቶ የላከው ቅንብር ሆኖ ስላገኘሁት፣ ከዚህ በታች የምጽፈውም በአብዛኛው ስለዚያ ነው።

ቦርዱ የኢንቴል ቢ760 ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር የሚያገናኝ ቺፕ) የተገጠመለት፣ ስፋቱም ቁመቱም 24.4 ሴንቲሜትር የሆነ ማይክሮ ኤቲኤክስ ሲሆን፣ አራት የዲዲአር4 ራም ማስገቢያዎች፣ ሁለት የኤም2 (ስስ የማከማቻ ካርድ የሚገባባቸው) ማስገቢያዎችና አንድ የግራፊክስ ካርድ ማስገቢያ አሉት። ቺፕሴቱ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ነው። የተጠቀምኩበት ፕሮሰሰር ኮር አይ7-12700 ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣ ሲሆን፣ 8 ትልልቅና 4 ትንንሽ ኮሮች (የስሌት ክፍሎች) አሉት። ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ራሞች፣ አንድ የኤንቪኤምኢ (በኤም2 የሚገባ ፈጣን) ማከማቻ፣ አንድ ማራገቢያ ያለው ረጅም ማቀዝቀዣ እና የ80 ፕላስ ጎልድ (የኃይል ብክነትን ማነስ የሚያሳይ) ደረጃ ያለው 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ጨመርኩበት። የግራፊክስ ካርድ ሆን ብዬ አልገጠምኩም፤ ካርዱ ራሱ የሚወስደው ዋት የቦርዱን ጠባይ ስለሚሸፍነው፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ብቻ ሠርቻለሁ። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ የምነቅፋቸው ነገሮች በብዙ አምራቾች ቦርዶች ላይ የሚታዩ ሲሆኑ በእጄ የያዝኩት ግን አንዱን ብቻ በመሆኑ፣ ነቀፋውን በአንድ ስም ላይ መለጠፍ ተገቢ አልመሰለኝም።

አገጣጠሙ በአብዛኛው ቀላል ነበር። የኋላው የብረት ሽፋን ከቦርዱ ጋር ተያይዞ ስለሚመጣ ለብቻው ከኬዙ ጋር መታገል አያስፈልግም፤ የኤም2 ማከማቻውም በምትጠፋው ትንሽ ብሎን ፈንታ በጣት በሚዞር የፕላስቲክ መያዣ ይታሰራል። የፕሮሰሰሩ ሶኬት ኤልጂኤ1700 እንደመሆኑ ስስ የሆኑት እግሮች ያሉት በፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን በቦርዱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ሁሉ ወደ ቦርዱ ይዞራል። የመዝጊያው ዘንግ ሲጫን ጥቁሩ የፕላስቲክ ክዳን ራሱ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ክዳኑን መጣል አይገባም፤ ቦርዱ ለዋስትና መመለስ ካለበት ይፈለጋልና።

ሁለት ቦታዎች ላይ ግን ንድፉ አናዶኛል። የመጀመሪያው ባለ 8 ፒን የፕሮሰሰር ኃይል መሰኪያ ነው፤ በላይኛው የግራ ጥግ፣ ከሙቀት ማስወገጃው ብረት ሥር ተወሽቆ የተቀመጠ በመሆኑ ቦርዱ በኬዙ ውስጥ ከታሰረና ማቀዝቀዣው ከተገጠመ በኋላ እጅ አይደርስበትም። እኔም ማቀዝቀዣውን መልሼ በካቻቪቴ ለመፍታት ተገድጃለሁ። ይህን ገመድ አስቀድሞ መሰካት ያዋጣል። ሁለተኛው የኬዙን የማብሪያ ቁልፍና መብራቶች የሚቀበሉት ፒኖች ናቸው፤ ስማቸው በቦርዱ ላይ የታተመው ከታችኛው ጠርዝ ጋር ተለጥፎ በመሆኑ፣ ቦርዱ ከተቀመጠ በኋላ ለማንበብ የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳበራው ማያው ጥቁር ሆኖ ቀረ። በቦርዱ ቀኝ ጠርዝ ከተደረደሩት አራት ትንንሽ የምርመራ መብራቶች መካከል የራሙ መብራት በርቶ አልጠፋም። ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነበር፦ የራም ማስገቢያዎቹ የሚንቀሳቀስ መያዣ ያላቸው በላይኛው ጫፍ ብቻ ሲሆን የታችኛው ጫፍ ድፍን ነው፤ ላይኛው ቀጭ ሲል ራሙ የገባ መስሎኝ ነበር። አጎንብሼ ከጎን ስመለከተው የታችኛው ጫፍ አንድ ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። በአውራ ጣቴ ወደ ታች ስጫነው ድምፅ ሳያሰማ ገባ፤ ኮምፒውተሩም ተነሣ። ለሁለት ራሞች የሚመረጡት ማስገቢያዎች ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው መሆናቸውን መመሪያው በትክክል ይናገራል፤ ስለ ድፍኑ ጫፍ ግን አንድም ቃል የለውም።

ወደ ልኬቱ ከመግባቴ በፊት ስለ አለካኩ ጥቂት ማለት አለብኝ። የዋት መለኪያውን በግድግዳው ሶኬትና በፓወር ሰፕላዩ ገመድ መካከል አድርጌ፣ ማያውን በሌላ ሶኬት ሰካሁ። ዊንዶውስ ከተነሣ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ከበስተጀርባ ፋይል ሲያገላብጥና ማሻሻያ ሲፈልግ ስለሚቆይ፣ ሥራ ፈት የሚባለውን ልኬት ከ15 ደቂቃ በፊት አልጀመርኩም። በመለኪያው ላይ የሚዘለውን ቁጥር በዓይን ከመያዝ ይልቅ፣ መሣሪያው ለ30 ደቂቃ ያጠራቀመውን ዋት-ሰዓት በጊዜው አካፍያለሁ። የሚታየው ቁጥር የፓወር ሰፕላዩን ብክነት ጨምሮ ነው። የጎልድ ደረጃ የሚሰጠው በ20፣ በ50 እና በ100 በመቶ ጫና ላይ በሚደረግ ፈተና ነው፤ ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ 15 ዋት ሲጠቀም ግን ባለ 550 ዋቱ ፓወር ሰፕላይ የሚሠራው ከአቅሙ 3 በመቶ እንኳ በማይሞላ ጫና ስለሆነ፣ በሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ማዕረግ ስለዚያ ሁኔታ የሚነግረን ነገር የለም።

አሁን ወደ ሙሉ ጫናው እንምጣ። ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር ሁለት የኃይል ቁጥሮችን አስቀምጧል፤ የመነሻው 65 ዋት፣ ከፍተኛው 180 ዋት ነው። በባዮስ ውስጥ እነዚህ ቁጥሮች ፒኤል1 እና ፒኤል2 በሚሉ ስሞች ይገኛሉ፤ ፒኤል2 ለአጭር ጊዜ የሚፈቀደው ጣሪያ ሲሆን፣ ያ ጊዜ ሲያልቅ ፕሮሰሰሩ ወደ ፒኤል1 ይወርዳል ተብሎ ይታሰባል። በእኔ ቦርድ ላይ ግን ሁለቱም ቦታዎች ላይ ሰፍሮ ያገኘሁት 4096 ነው። አራት ሺህ ዘጠና ስድስት ዋት። ውኃ ለማፍላት የሚያገለግል ማንቆርቆሪያ እንኳ የዚህን ግማሽ ያህል ነው የሚወስደው። ቁጥሩ ትርጉሙ ገደብ የለም ማለት ነው፤ ቦርዱም ይህን ሲያደርግ ማስጠንቀቂያም ሆነ ጥያቄ አላቀረበም።

በዚህ ቅንብር ሬንደሩ በ11 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አለቀ፤ ከግድግዳው የተሳበው 212 ዋት ነበር፤ ፕሮሰሰሩ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ፤ የቦርዱ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ክፍል (ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣውን ቮልቴጅ ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው መጠን የሚያወርደው) ደግሞ 81 ዲግሪ። ሁለቱንም ገደቦች 125 ዋት ሳደርጋቸው ጊዜው 12 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ፣ ኃይሉ 173 ዋት፣ የፕሮሰሰሩ ሙቀት 74 ዲግሪ ሆነ። 65 ዋት ላይ ሳስራቸው 15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ፈጀ፤ ከግድግዳው የሳበው ግን 101 ዋት ብቻ ነው፤ ሙቀቱም 53 ዲግሪ ላይ ስለቆመ ማራገቢያው መዞሩን ያወቅሁት በዓይኔ እንጂ በጆሮዬ አይደለም። ለአንዱ ሬንደር የወጣው ጉልበት ሲሰላ 41፣ 35 እና 27 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ዝቅ ያለው ገደብ ሥራውን ስለሚያዘገየው መጨረሻ ላይ የቆጣሪው ሒሳብ ያው ነው የሚለው ክርክር፣ ቢያንስ በዚህ ማሽን ላይ፣ አልሠራም፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜጋኸርትዞች ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚጠይቁና የኃይል ፍጆታ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ውዱ ዋት የመጨረሻው ዋት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምሽት ሙሉ ያባከነብኝን ነገር ልንገር። ገደብ በሌለው ቅንብር ላይ የመከታተያ ፕሮግራሙ ፕሮሰሰሩ 147 ዋት እየተጠቀመ ነው ይለኛል፤ የግድግዳው መለኪያ ደግሞ 212። የፓወር ሰፕላዩን ብክነት፣ የቦርዱን የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ብክነት፣ የራሙንና የማከማቻውን ድርሻ ሁሉ ቀንሼ እንኳ ፕሮሰሰሩ 157 ዋት አካባቢ መሆን ነበረበት። መጀመሪያ መለኪያዬን ተጠራጠርኩ፤ በሌላ መለኪያ ብሞክር ያው ሆነ። ኋላ የተገለጠልኝ ምክንያት ዲሲ ሎድላይን የሚባለው ቅንብር ነው። ፕሮሰሰሩ የራሱን ዋት የሚያሰላው የሚያልፍበትን ኤሌክትሪክ መጠን፣ እየደረሰኝ ነው ብሎ በሚገምተው ቮልቴጅ አባዝቶ ነው፤ ግምቱም በጫና ጊዜ ቮልቴጁ ምን ያህል እንደሚወርድ ቦርዱ በሚነግረው ቁጥር ላይ የተመሠረተ ነው። ቦርዱ የነገረው 1.1 ሚሊኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ነበር፤ በእውነቱ ግን የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ያን ያህል አይወርድም። በጫና ላይ ፕሮሰሰሩ 1.16 ቮልት እየደረሰኝ ነው ሲል፣ በቦርዱ ዳሳሽ ላይ የሚነበበው 1.24 ቮልት ነው። ዲሲ ሎድላይንን ዝቅ እያደረግሁ ሁለቱ ቁጥሮች በ0.5 ሚሊኦም ላይ ሲገጣጠሙ ፕሮግራሙም 157 ማለት ጀመረ።

ይህ ጉዳይ ለቁጥር አፍቃሪዎች ብቻ የሚመስለው ካለ ይሳሳታል። የኃይል ገደቡ የሚከበረው ፕሮሰሰሩ ራሱ ባሰላው ዋት ስለሆነ፣ ስሌቱ ዝቅ ብሎ ከተሳሳተ 125 ብለን የጻፍነው ገደብ በተግባር 133 ወይም 134 ዋት ያሳልፋል። ከላይ የሰጠኋቸው የ125 እና የ65 ዋት ውጤቶች የተለኩት ይህ ከታረመ በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ማዘርቦርዶች በኃይል ቁጠባ ሲወዳደሩ የሶፍትዌር ንባብ ብቻ ከተጠቀሰ ውድድሩ ምንም አያስረዳም፤ በዝቅተኛ ፍጆታ የተመሰገነው ቦርድ ፕሮሰሰሩን በተሳሳተ ቁጥር ያሞኘው ሊሆን ይችላልና።

የዚህ ወንድም የሆነው ኤሲ ሎድላይን ደግሞ ንባቡን ሳይሆን ቮልቴጁን ራሱን ይለውጣል፤ ፕሮሰሰሩ በጫና ጊዜ የሚወርደውን ቮልቴጅ ለማካካስ ምን ያህል ተጨማሪ መጠየቅ እንዳለበት የሚወስን ነው። ይህም 1.1 ሚሊኦም ላይ ነበር፤ ማለትም ቦርዱ የማይወርደውን ውረድ እያካካሰ፣ ፕሮሰሰሩ የማያስፈልገውን ቮልቴጅ ይመግበዋል። ወደ 0.5 ሳወርደው፣ ምንም ዓይነት ገደብ ሳላደርግ፣ ያው ሬንደር በዚያው 11 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሲያልቅ የግድግዳው ንባብ ከ212 ወደ 188 ዋት ወረደ። ሃያ አራት ዋት በከንቱ ሲቃጠል ነበር ማለት ነው። ስግብግብነት ይዞኝ እስከ 0.3 ዝቅ ብል ኮምፒውተሩ በሬንደሩ አጋማሽ ላይ ራሱን አጥፍቶ ተነሣ፤ ስለዚህ በ0.5 ቆሜያለሁ። ይህን የሚሞክር ሰው ከባድ ሥራን ብቻ ሳይሆን ቀላል ሥራን፣ ከእንቅልፍ መነሣትንና ሥራ ፈት ሰዓቶችንም ለቀናት መፈተን አለበት፤ የቮልቴጅ እጥረት የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ጫናው ድንገት ሲለዋወጥ ነውና። በመጨረሻ የጸናሁበት ቅንብር የተስተካከሉትን ሁለቱን ሎድላይኖች ከ125 ዋት ገደብ ጋር ያጣመረው ነው፤ በመግቢያዬ ላይ የጠቀስኩት ባለ 34 ዋት-ሰዓቱ ሬንደር የእሱ ነው።

ኮምፒውተር ግን አብዛኛውን ዕድሜውን በሬንደር አያሳልፍም፤ ሰነድ ተከፍቶበት፣ ባለቤቱ እያሰበ ወይም ስልክ እያወራ፣ ያለ ሥራ ተቀምጦ ነው የሚውለው። በዚህ በኩል ቦርዱ ከፋብሪካ እንደመጣ 27.5 ዋት ወሰደ። ራሙን በኤክስኤምፒ (ራሙ አምራቹ ባዘጋጀለት ከፍተኛ ፍጥነት እንዲሠራ በሚያደርግ ቅንብር) ወደ 3200 ፍጥነት ማሳደግ ይህን ከግማሽ ዋት በላይ አልለወጠውም። ለውጡን ያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መላው ፕሮሰሰር ወደ ጥልቅ እንቅልፍ እንዲወርድ የሚፈቅደው የሲ-ስቴት ገደብ፣ እና የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮች (ፕሮሰሰሩን እንደ ማከማቻና ኔትወርክ ቺፕ ካሉ መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኙት) ሥራ ሲያጡ እንዲያንቀላፉ የሚያደርገው ኤኤስፒኤም። ሁለቱም ተዘግተው ነበር የመጡት። የሚያስገርመው፣ አንዳቸውን ብቻ መክፈት ከ2 ዋት ያልበለጠ ነው የሚቀንሰው፤ ፕሮሰሰሩ በሙሉ እንዲተኛ በዙሪያው ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ መተኛት ስላለባቸው፣ አንድ የነቃ የኔትወርክ ቺፕ ወይም ማከማቻ ቤቱን ሁሉ ነቅቶ እንዲያድር ያደርገዋል። ሁለቱንም አንድ ላይ ስከፍታቸው ንባቡ ወደ 17 ዋት ወረደ፤ የማልጠቀምባቸውን የሳታ (የሃርድ ዲስክ) መሰኪያዎችና የጌጥ መብራቶቹን ስዘጋ ደግሞ 14.8 ላይ አረፈ። ልዩነቱ 12.7 ዋት ነው፤ በቀን ለ10 ሰዓት ለሚበራ ኮምፒውተር በዓመት 46 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ማለት ነው።

ይህ ያለ ዋጋ አልመጣም። ጥልቁ እንቅልፍ ከተከፈተ በኋላ፣ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ጆሮዬን ወደ ኬዙ ጎን ሳስጠጋ ከቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ጥቅልሎች የሚወጣ ቀጭን፣ የሚቆራረጥ ሲርታ እሰማለሁ፤ ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየተኛና እየነቃ መሆኑን የሚናገር ነው። ኬዙ ከጠረጴዛው ሥር ከሆነ አይሰማም፤ ማይክሮፎን አጠገብ ለሚያስቀምጠው ሰው ግን ሊረብሸው ይችላል።

ጠፍቶም ቢሆን ቦርዱ አይጾምም። ዊንዶውስ ከተዘጋ በኋላ የኪቦርዱ መብራት እንደበራ ይቀራል፤ መለኪያውም 2.6 ዋት ያሳያል። ኢአርፒ የሚለውን ቅንብር ስከፍት ኪቦርዱ ጨለመ፤ ንባቡም 0.4 ዋት ሆነ። ስያሜው የመጣው የአውሮፓ ኅብረት ለመሣሪያዎች ካወጣው ደንብ ሲሆን፣ ደንቡ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የጠፋ መሣሪያ ፍጆታ ከግማሽ ዋት እንዳይበልጥ ይጠይቃል። በምትኩ የጠፋውን ኮምፒውተር በኔትወርክ መቀስቀስም ሆነ በዩኤስቢው ስልክ መሙላት አይቻልም።

በቦርዱ ላይ ያለኝ ዋና ቅሬታ እነዚህ ሁሉ ቅንብሮች መኖራቸው ሳይሆን አቀማመጣቸው ነው። የኃይል ገደቦቹ በፍጥነት ማሳደጊያው ገጽ፣ ሎድላይኖቹ ከዚያ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ሲ-ስቴት በፕሮሰሰሩ ዝርዝር፣ ኤኤስፒኤም በሌላ ገጽ፣ ኢአርፒ ደግሞ ስለ መነሣትና መጥፋት በሚናገረው ክፍል ተበታትነዋል። በቀኝ በኩል የሚታየው ማብራሪያ የቅንብሩን ስም መልሶ ከመድገም አያልፍም፤ የታተመው መመሪያም ስለ አንዳቸውም አይናገርም። ባዮሱን በዩኤስቢ ማሻሻል አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ የፈጀ ቀላል ሥራ ቢሆንም፣ ማሻሻያው ቅንብሮቼን ሁሉ ወደ ፋብሪካው ቁጥሮች መለሳቸው፤ በቦርዱ ውስጥ አስቀምጬው የነበረውንም ፕሮፋይል ከአዲሱ ስሪት ጋር አይስማማም ብሎ አልቀበል አለ።

ስለ ገደብ አልባው ቅንብር አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች በከፍተኛ ቮልቴጅ ሳቢያ መረጋጋት የማጣታቸው ጉዳይ በይፋ ከታወቀ በኋላ፣ ኢንቴል የማዘርቦርድ አምራቾች በእሱ የተወሰነውን ነባሪ ቅንብር እንዲጠቀሙ አሳስቧል፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ አካባቢም የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ) ማስተካከያ አወጣ። የእኔ ፕሮሰሰር 12ኛ ትውልድ በመሆኑ ችግሩ አይነካውም። በቦርዱ ላይ የጫንኩት አዲሱ ባዮስ ግን ይኸው የኢንቴል ነባሪ የሚባለው አማራጭ ተጨምሮበታል፤ ሲመረጥም 4096 የነበረው ቦታ 65 እና 180 ይሆናል። ኤሲ ሎድላይን ግን በዚህም አማራጭ ላይ ከ1.1 ንቅንቅ አላለም፤ ከላይ የጠቀስኳት ሃያ አራት ዋትም በእጅ ካልተነካች እዚያው ናት።

ቦርዱን ለማን እመክራለሁ? በ65 ዋት የኃይል ደረጃ የሚመደቡትን ፕሮሰሰሮች ለሚገጥም፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በባዮሱ ውስጥ ለማሳለፍ ትዕግሥት ላለው ሰው ጥሩ ዕቃ ነው፤ በሥራ ፈት ጊዜ 14.8 ዋት ለዚህ መጠን ኮምፒውተር የሚያኮራ ቁጥር ነው። ገጥሞ፣ አብርቶ፣ ባዮሱን ሳያይ ሥራውን ለሚጀምር ሰው አልመክረውም፤ በትልልቆቹ ባለ 125 ዋት ፕሮሰሰሮች ላይም አልደፍረውም፤ በእኔ 157 ዋት 81 ዲግሪ የደረሰ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን ለመገመት አይከብድም። እኔ ቦርዱን አልመልሰውም። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ በኬዙ የጎን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፌያለሁ፤ የሚቀጥለው የባዮስ ማሻሻያ ሲያጠፋቸው ከዚያ እያየሁ መልሼ እሞላቸዋለሁ።